ሁለት ሰዓት፣ በማን ሰዓት?

የዛንዚባሩን ጉዞ ያቀድኩት እኔ ነኝ። ሠንጠረዥ አውጥቼ፣ በቀለም ለይቼ፣ ለየሰዓቱ ሥራ መድቤ። አክስቴ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አዩትና "ለዕረፍት ነው ለፈተና የምንሄደው?" አሉኝ። ከዚያ ቆሏቸውን በፌስታል ቋጥረው ሻንጣ ውስጥ ከተቱ።

በዕቅዴ ውስጥ ያልነበረው ፌስታሉ ነው። ታንዛኒያ እ.ኤ.አ. በ2019 የፕላስቲክ ከረጢት ስላገደች እንግዳም ይዞት መግባት አይችልም። ሐበሻ ደግሞ ያለ ፌስታል ከቤት አይወጣም። ቆሎው በስንት ልመና ወደ ጨርቅ ከረጢት ተዛወረ።

* * *

ዛንዚባር የታንዛኒያ አካል ናት፤ ግን የራሷ ፕሬዚዳንት፣ የራሷ ምክር ቤት፣ የራሷ ባንዲራ አላት። ከኦክቶበር 2024 ወዲህ የራሷ የመንገደኛ መድንም አላት፤ 44 ዶላር። "ሌላ መድን አለኝ" ማለት አያድንም። የቢጫ ወባ ካርድ ደግሞ ከእኛ አገር ለሚነሣ ግዴታ ነው። ስለ ነጩ አሸዋ የነገሩኝ ሁሉ ስለዚህ አንዳቸውም ትንፍሽ አላሉም።

* * *

ፋሲካን ዛንዚባር አሳልፋለሁ ብሎ የሚያቅድ ዣንጥላ ይያዝ። ከማርች እስከ ሜይ ያለው ማሲካ የሚሉት ዋናው ዝናባቸው ነው። አዲስ አበባ በጭቃና በጉም በምትዋጥበት በሐምሌና በነሐሴ ግን እዚያ ደረቅና ነፋሻ ነው። የልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚዘጋውም ያኔ ነው። እንዲህ የገጠመ ነገር ከስንት አንድ ነው። አክስቴ ግን በነሐሴ ፍልሰታን ይጾማሉ፤ እሱንም ሠንጠረዤ አላወቀውም።

* * *

ጾመኛ ይዞ ወደ ዓሣ አገር መሄድ ያሳስባል። ሆቴላችን "ቪጋን" የሚል ገጽ ነበረው፤ ዋጋው ግን ከጾሙ ይልቅ ያስርባል። መንገድ ዳር ያሉት እናቶች ቪጋን የሚለውን ቃል ሳይሰሙት በኮኮናት ወተት የተሠራ ባቄላ፣ በኮኮናት ወተት የተቀቀለ ሩዝ ያቀርባሉ። አክስቴ ዘጠኝ ሰዓት ሲሞላ ቀመሱና "ይሄ ሽሮ ቢጨመርበት" አሉ። ይህ ከእሳቸው አፍ ምስጋና ነው።

* * *

ስቶን ታውን በሚባለው አሮጌው ከተማ ውስጥ አንድ ልጅ አጠገባችን ሲደርስ ለአክስቴ አንገቱን ሰበር አድርጎ "ሺካሞ" አላቸው። አስጎብኚያችን ተረጎመልን፦ ለታላቅ የሚሰጥ ሰላምታ ነው፤ መነሻው "እግርዎን ልያዝ" ማለት ነው፤ መልሱ "ማራሃባ"። ለእኔ ልጁ "ጃምቦ" ነበር ያለኝ፤ ለቱሪስት የሚጣል ሰላምታ። ከዚያ ቀን ጀምሮ አክስቴ ሰፈሩን ሁሉ "ማራሃባ" እያሉ አዳረሱት። የኛን የሰፈር ልጆች ስም እየጠሩም ሲያወዳድሩ ሰምቻለሁ፤ እዚህ አልደግመውም።

* * *

ገበያ ላይ ደግሞ አክስቴ ደነገጡ። ሻጩ ካንጋ ለሚሉት የሴቶች ጨርቅ "ኤልፉ" እያለ ዋጋ ሲጠራ እልፍ ሰሙ። የኛ እልፍ አሥር ሺሕ ነው፤ የስዋሂሊው ኤልፉ አንድ ሺሕ። ሁለቱም የዘመድ ልጆች ናቸው፤ የኛው ግን አሥር እጥፍ ወፍሯል። ኪታቡ እዚያ መጽሐፍ ነው፤ እኛ ዘንድ ክታብ አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ካራፉ ቅርንፉዳችን ነው። ያልተቆላ ቡና ደግሞ ቡኒ ይባላል።

የተፈላውን ካሃዋ ይሉታል። ጆስ ኮርነር በሚባለው አደባባይ ወንዶች ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ዶሚኖ እየተጫወቱ፣ በሲኒ እየጠጡ ፖለቲካ ያወራሉ። ዝንጅብል ያለበት ጥቁር ቡና ነው። ጥሩ ነው፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ግን የለውም።

* * *

የቅመም እርሻ ጉብኝት ለፈረንጅ ተአምር ነው። አስጎብኚው ቅጠል ቀጥፎ ያሸትና "ምንድን ነው?" ይላል፤ እነሱ ይገምታሉ። አክስቴ እያከታተሉ መለሱለት፦ ቀረፋ፣ ሄል፣ እርድ፣ ዝንጅብል። ጨዋታው ተበላሸ። ያስደነቃቸው ቁንዶ በርበሬ ብቻ ነው፤ ዛፍ ላይ እንደ ሐረግ ሲጠመጠም ሲያዩ ፎቶ አንሺኝ አሉ።

* * *

ባሕር ዳር ላይ አላስቀምጥ አላስቆም የሚሉትን ደላሎች የአገሩ ሰዎች "ፓፓሲ" ይሏቸዋል፤ መዥገር ማለት ነው። ከዚህ የተሻለ ስም አላገኘሁላቸውም።

* * *

ማስታወቂያው ሁሉ "የባህሎች መገናኛ" ይላታል። ውሸት አይደለም። መስጊዱ፣ የሂንዱው ቤተ መቅደስና ሁለቱ ካቴድራሎች በእግር ይደረሳሉ። በሮቹ ራሳቸው ዘር ይናገራሉ፤ የነሐስ ጉጥ የፈሰሰበት የሕንድ ነው፣ ከላዩ የቁርኣን ጽሑፍ የተቀረጸበት የኦማን ዐረብ። በሩ አለ፤ የብዙው ባለቤት ግን የለም። በጃንዋሪ 12፣ 1964 በተነሣው አብዮት ብዙ ዐረቦችና ሕንዶች ተገደሉ፣ ሌሎች ተሰደዱ። ከወላጆቹ ጋር ከወጡት አንዱ የሕንድ ፓርሲ ልጅ ነው፤ 17 ዓመቱ ነበር፤ ኋላ ዓለም ፍሬዲ ሜርኩሪ ብሎ አወቀው። ዛሬ በስሙ ሙዚየም ተከፍቶ ቱሪስት ይሰለፋል። ስለሌሎቹ በሮች የሚጠይቅ አላየሁም።

* * *

ሠንጠረዤ "ካቴድራል፣ 30 ደቂቃ" ይላል። የአንግሊካኑ ካቴድራል የተሠራው የባሪያ ገበያው በነበረበት ቦታ ነው፤ መንበሩ የቆመውም ባሮች ታስረው ይገረፉበት የነበረው ዛፍ ቦታ ላይ ነው ይባላል። ግቢው ውስጥ አንገታቸው በሰንሰለት የተያያዘ የድንጋይ ሰዎች ጉድጓድ ውስጥ ቆመዋል። ከፊታችን የነበሩት ጥንዶች ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፈገግ ብለው፣ ራሳቸውን ፎቶ አነሡ።

አክስቴ ነጠላቸውን ወደ ፊት አጣፉና "ከኛ አገር የመጡ ነበሩባቸው?" ብለው ጠየቁ።

ነበሩ። ገበያው የተዘጋው በ1873 ሱልጣን ባርጋሽ በእንግሊዝ ግፊት በፈረመው ውል ነው። የባርጋሽ እናት ሐበሻ ነበረች፤ ከአባቱ ከሱልጣን ሰዒድ ዕቁባቶች አንዷ። ይህን የጻፈችው በአባት የምትገናኘው እኅቱ ልዕልት ሳልሜ ናት፤ ጀርመናዊ አግብታ አውሮፓ ከሄደች በኋላ በ1886 ባሳተመችው የሕይወት ታሪኳ። እናቲቱ ከየትኛው አውራጃ እንደተነጠቀች፣ ወላጆቿ በምን ስም እንደጠሯት ፈልጌ አላገኘሁም። ልጇ ግን ባሕሩ ፊት "የድንቅ ነገሮች ቤት" የሚባለውን ትልቅ ቤተ መንግሥት አስገነባ። በዲሴምበር 2020 እየታደሰ ሳለ ከፊሉ ተደርምሷል።

አክስቴ ግቢው ውስጥ ከሁለት ሰዓት በላይ ተቀመጡ። የቀኑ ቀሪ ሠንጠረዥ እዚያው ቀረ።

* * *

አሁን የራሴን ጉድ ልናገር። በስተምሥራቅ ጃምቢያኒ ላይ አንድ ባለ ጀልባ "ነገ፣ ቱ ኦክሎክ" ብሎ ቀጠረን። እኔ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ የፈረንጅ ሁለት ማለት የኛ ስምንት ሰዓት መሆኑን አውቃለሁ። አክስቴ በማግሥቱ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ለብሰው በር ላይ ቆመው "ሁለት ሰዓት አላለም?" ሲሉኝ በትዕግሥት አስረዳኋቸው።

ስዋሂሊ ተናጋሪ ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ከፀሐይ መውጫ ነው። "ሳ ምቢሊ" ማለት ሁለት ሰዓት ነው፤ ጠዋት። ሰውየው በልቡ በሰዓታችን ቆጥሮ፣ በአፉ በእንግሊዝኛ ተናገረው። ስምንት ሰዓት ላይ ስንደርስ ጀልባው አሸዋ ላይ ቁጭ ብሏል። ባሕሩ የለም። ምሥራቁ ዳርቻ ጥልቀት ስለሌለው ውኃው ሲሸሽ ሩቅ ነው የሚሸሸው። ጨረቃዋ ከሞላች አራተኛ ቀኗ ስለነበር ሙላቱ በማለዳ መጥቶ ሄዷል። ሥዕሎቹ ላይ ያለው ሰማያዊ ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ እንደሚነሣና እንደሚሄድ፣ ሙላቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እንደሚዘገይ ሆቴል ስመርጥ ማን ነገረኝ? በሰሜን በኩል ኑንግዊ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል አይሸሽም ነበር።

ባሕሩ በለቀቀው ሜዳ ላይ ሴቶች ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጎንበስ ብለዋል። እንጨት ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ የባሕር አረም ያመርታሉ፤ ከ1989 ጀምሮ የተለመደ ሥራ ነው። አረሙ ተሸጦ ለጥርስ ሳሙናና ለአይስክሬም ማወፈሪያ ይሆናል። አንዲት ቱሪስት "ባሕሩ ቆሽሿል" ስትል ሰምቻለሁ። አክስቴ ጫማቸውን አውልቀው ገቡ፤ በምን ቋንቋ እንደተግባቡ እንጃ፣ አንዷ ገመዱን ሰጠቻቸውና ቋጠሮውን አሳየቻቸው።

ማምሻውን ባለ ጀልባው መጣ። "ነገ ስንት ሰዓት?" አልኩት፤ ስልኬን አውጥቼ። አክስቴ ቀድመው የእጅ ሰዓታቸውን ዘረጉለት። በኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ አዲስ አበባና ዛንዚባር አንድ የሰዓት ክልል ውስጥ ስለሆኑ ከቤት ከወጡ አልነኩትም። ሰውየው መስታወቱን አየ፣ አክስቴን አየ፣ ሣቀ። ከዚያ ጣቱን በሁለትና በሦስት መካከል፣ ወደ ሦስቱ ጠጋ አድርጎ አስቀመጠው።