የእማዬ ፎቶና ሁለቱ ካሜራዎች

ዛሬ ቁምሳጥን ሳጸዳ ሁለት አሮጌ ካሜራ አገኘሁ።

አንዷ እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣችው ትንሿ ካኖን ፓወርሾት ኤ620 ናት። ሌላዋ ሌንሷ የሚቀያየረው ኒኮን ዲ40፣ የ2006ቷ።

ማታ እማዬ ቡና ስታፈላ በሁለቱም አነሳኋት።

በቁጥር ከሄድን ትንሿ ትበልጣለች፦ 7.1 ሜጋፒክስል ናት፤ ኒኮኗ 6.1 ብቻ። ግን የኒኮኗ ሴንሰር በስፋት አሥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ልዩነቱ ጨለማው ላይ ታየ። ከረከቦቱ ጀርባ ያለው ጥላ በካኖኗ አሸዋ የተበተነበት ይመስላል። በኒኮኗ ግን ከጀበናው አፍ የሚወጣው እንፋሎት ሳይቀር ተለይቶ ይታያል። በጣም ነው ያማረው!

ሆኖም እማዬ ራሷ የወጣችው በትንሿ ነው።

ኒኮኗን ዓይኔ ላይ ሳደርግ ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። የካሜራዋ መስተዋት «ቀጭ» ሲል ፈገግታዋም አብሮ ቆመ።

የካኖኗ ስክሪን ደግሞ ወጥቶ ይዞራል። ካሜራዋን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ ቁልቁል እያየሁ፣ ወሬያችንን ሳናቋርጥ አነሳኋት። ሲኒው በእጇ ነው፤ ከልቧ እየሳቀች።

ደግሞ ካኖኗ የምትሠራው በየሱቁ በሚገኝ አራት ትንንሽ ባትሪ ድንጋይ ነው። የሌላዋ ቻርጀር ቢጠፋ ከየት ይመጣል?

አሳትሜ ግድግዳ ላይ የምሰቅለው የትንሿን ነው።

እናንተስ የትኛውን ትመርጡ ነበር? መሳቢያችሁ ውስጥ የተረሳ ካሜራ ካለ አውጡትና ዛሬውኑ ቤተሰባችሁን አንሱበት።