አዲስ ሹምና አሮጌ ተስፋ

አዲስ ሹም ሲመጣ የአገሩ ሰው ሁሉ ነጠላውን አጣፍቶ ሊቀበለው ይወጣል። የቀድሞው ሹም በደል ከራሱ ከሹሙ ጋር ተጠቅልሎ የሄደ ይመስለዋል፤ የሚመጣውንም ሥራውን ሳያይ ይመርቀዋል። ይህ ጠባይ በአገር አስተዳደር ብቻ ሳይሆን በዕድርም፥ በትምህርት ቤትም፥ በጨዋታ ሜዳም ይገኛል። እኔ ዛሬ የምጽፈው ስለ ጨዋታ ሜዳው ነው። አንባቢዬ «ከኳስ ምን ምክር ይገኛል?» ብሎ ገጹን እንዳይገለብጥብኝ እለምነዋለሁ፤ በዚህ ነገር ያፈርሁበት ቀን አለና።

እኔ የማንችስተር ዩናይትድ ደጋፊ ነኝ። ከተማውን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ነገር ግን ቅዳሜና እሑድ በሰፈራችን የኳስ ማሳያ ቤት፥ በአግዳሚ ወንበር ላይ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተን ስንጮህ፥ ያ የሩቅ አገር ቡድን የገዛ ልጃችን ይመስለናል። ሲያሸንፍ «አሸነፍን» እንላለን፤ ሲሸነፍ ግን «ተሸነፉ» እንላለን።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2013 ዓመተ ምሕረት ሰር አሌክስ ፈርጉሰን ከሃያ ስድስት ዓመት በላይ ከመሩት ቡድን ተሰናበቱ። በዚያው ዓመት ቡድኑ ሃያኛውን የሊግ ዋንጫ ወስዶ ነበር። ሽማግሌው በስንብታቸው ቀን በሜዳው መካከል ቆመው፥ እርሳቸው በተቸገሩበት ጊዜ ማኅበሩ እንዳልተዋቸው አስታወሱና፥ ከእንግዲህ የሕዝቡ ሥራ ከአዲሱ አሠልጣኝ ጎን መቆም መሆኑን ተናገሩ። እኛም በኳስ ቤቱ ሆነን በእንባ አጨበጨብን።

አዲሱ ሹም ዴቪድ ሞየስ ተባለ። የስድስት ዓመት ውል ተሰጠው፤ ደጋፊዎቹም ሥዕሉን በትልቅ ጨርቅ ላይ አሠርተው፥ «የተመረጠው» ብለው ጽፈው በሜዳቸው ሰቀሉለት። እኔም የሰማሁትን ሁሉ ለቤተ ሰቤ አወራሁ። ከሁሉ ይልቅ ያዳምጠኝ የነበረው የወንድሜ ልጅ ነው። ልጁ በዚያው በመስከረም ወር 2006 ዓ.ም. ዘጠነኛ ክፍል ለመግባት ከገጠር ወደ እኔ ቤት የመጣ ነበር። እርሱም በአባቱ ዘንድ እንደ አዲስ ሹም ነበርና፥ ወንድሜ ሲልከው «የቤታችን ተስፋ ይህ ነው» ብሎ መርቆ ነበር የላከው።

ዓመቱ ግን እንዳሰብነው አልሄደም። ቡድኑ በገዛ ሜዳው ሳይቀር ይሸነፍ ጀመር። የልጁም የመንፈቅ ዓመት ውጤት ሲመጣ ከግማሽ በታች ሆነ። እኔም በሁለቱ ላይ አጉረመረምሁ። በመጋቢት ወር አንዳንድ ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው፥ አሠልጣኙ ይውጣልን የሚል ጨርቅ የሚጎትት አውሮፕላን ተከራይተው በሜዳው ላይ አስበረሩ። በዚያ ቀን ቡድኑ አስቶን ቪላን 4 ለ 1 አሸንፎ ነበር፤ የተወራው ግን ስለ አውሮፕላኑ ነው። እኔም «ደግ አደረጉ!» ካሉት አንዱ ነበርሁ። በዚያው ሰሞን ልጁን ጠርቼ፥ «ትምህርት ለሁሉ አይደለም፤ ከፋሲካ በኋላ ወደ አባትህ ትመለሳለህ» አልሁት። ልጁ መሬት መሬት እያየ «እሺ፥ ጋሼ» ከማለት በቀር አንድ ቃል አልመለሰም።

በፋሲካ ዕለት ቡድናችን፥ ሞየስ ቀድሞ ባሠለጠነው በኤቨርተን 2 ለ 0 ተሸነፈ። በማክሰኞው ሞየስ ተሻረ። ወሬውን በሬዲዮ ስሰማ እጄን አጨበጨብሁ። ልጁ በዚያ ሰዓት ልብሱን እያጠፈ በከረጢት ይከት ነበር። ቀና ብሎ፥

«ጋሼ፥ የስድስት ዓመት ውል አለው ብለውኝ አልነበረም?» አለኝ።

«ነበረው» አልሁት።

«ታዲያ በስንት ወሩ ነው የተሻረው?»

«በዐሥር ወሩ።»

ጥቂት ዝም ብሎ በጣቱ ቆጠረና፥ «እኔ ግን ገና ሰባት ወሬ ነው» አለ።

አንባቢ ሆይ፥ ይህን የተናገረው በድፍረት አልነበረም፤ ቍጥሩን ብቻ ነው የነገረኝ። እኔ ግን ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም።

በማግሥቱ ወደ ትምህርት ቤቱ ሄድሁ። እውነቱን ለመናገር፥ ልጁን ካስገባሁበት ቀን ወዲህ በሩን ረግጬው አላውቅም ነበር። መምህሩ የነገሩኝ ይህ ነው። ልጁ ሒሳቡ በሰሌዳ ላይ በቍጥር ሲጻፍ ከብዙዎቹ ቀድሞ ይሠራዋል፤ ነገር ግን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነውና፥ ጥያቄው በእንግሊዝኛ ቃል ሲሆን ይቆማል። ስለዚህ ከትምህርት በኋላ ወደ ኋላ እየቀረ የማያውቀውን ቃል በደብተሩ ይገለብጣል። ይህን ስሰማ፥ ሌሊት መብራት አብርቶ ባገኘሁት ቍጥር «የመብራቱን ሒሳብ አንተ ትከፍላለህ?» እያልሁ የተቈጣሁት ትዝ አለኝ። ልጁ ሲሠራ ነበር፤ እኔ ግን ውጤቱን እንጂ ሥራውን አላየሁም ነበር።

የሚያሳዝነው፥ ይህን ምሳሌ ከማንም ይልቅ እኔ ማወቅ ይገባኝ ነበር። ፈርጉሰን ወደ ማንችስተር የመጡት በኅዳር ወር 1986 ነው። ከመጡ በኋላ ሦስት ዓመት ሙሉ አንድ ዋንጫ አላነሡም። በ1989 በከተማቸው ባላንጣ በማንችስተር ሲቲ 5 ለ 1 ተሸነፉ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ አንድ ደጋፊ በአንሶላ ላይ ጽፎ፥ ይሂዱልን ብሎ በሜዳው ውስጥ ዘረጋ። የፊተኞቹ አንሶላ ነበራቸው፤ የኋለኞቹ አውሮፕላን አገኙ፤ ትዕግሥት ማጣቱ ግን አንድ ነው። የማኅበሩ አለቆች ግን ሰውየው ከሜዳው ውጭ የሚሠራውን ያዩ ነበር። የተጫዋቾቹን የመጠጥ ልማድ ለማስቀረት ይታገሉ፥ በየሰፈሩም ሕፃናትን ያስፈልጉ ነበር። በ1987 ራያን ጊግስ የሚባለውን የዐሥራ አራት ዓመት ልጅ ያስፈረሙት እቤቱ ድረስ ሄደው ነው። በ1990 የመጀመሪያው ዋንጫ መጣ፤ በ1993 ቡድኑ ከሃያ ስድስት ዓመት በኋላ ሊጉን አሸነፈ። በእርሳቸው ዘመን የተገኙት የሊግ ዋንጫዎች ዐሥራ ሦስት ናቸው፤ ጊግስም በዐሥራ ሦስቱ ሁሉ ነበረበት።

ከዚህ ተነሥቶ «እንግዲያስ የተሾመ ሁሉ አይሻር» የሚል ቢኖር አልስማማም። ሞየስ ስድስቱን ዓመት ቢፈጽም ፈርጉሰንን ይሆን ነበር ብዬ አልምልም። በታኅሣሥ 2018 የተተካው ኦሌ ጉናር ሶልሻየር፥ በ1999 በባርሴሎና ሜዳ ባገባት ጎል የምንወደው ነበርና፥ የመጀመሪያዎቹን ስምንት ጨዋታዎች በተከታታይ ሲያሸንፍ ዳንኪራ መታን። ሦስት ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው፥ በ2021፥ ያለ አንድ ዋንጫ ተሰናበተ። ከ2013 እስከ 2024 ድረስ ስድስት ቋሚ አሠልጣኞች ተሾሙ፤ በስድስቱም ሹመት ቀን በኳስ ቤታችን የነበረው ደስታ አንድ ዓይነት ነበር። ሰውየው ይለወጣል እንጂ የእኛ ተስፋ አይለወጥም።

ተስፋስ መልካም ነገር ነው፤ ተስፋ የሌለው ገበሬ ዘር አይዘራም። ነገር ግን ሁለት ዓይነት ተስፋ አለ። አንደኛው በሹመቱ ቀን የሚያጨበጭብና በመከሩ ቀን የሚራገም ነው፤ ይህ ተስፋ ከራሱ ምንም ሳያወጣ ሁሉን በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ይጭናል። ሁለተኛው ግን ወደ እርሻው ወርዶ «ዘሩ ተዘርቷል ወይ? አረሙ ታርሟል ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ነው። ሥራ ካገኘ ይታገሣል፤ ሥራ ካጣም በጊዜ ይናገራል። ትዕግሥትና ቸልታ የሚለዩት በዚህ ነው። እኔ ልጁን ሳልጠይቅ ብታገሠውም ኖሮ ያው በደል ነበር።

ልጁ ወደ ገጠር አልተመለሰም። ዘጠነኛን ክፍል ደገመ፤ ማታ ማታም የማያውቀውን ቃል አብረን ከመዝገበ ቃላት እንፈልግ ጀመር፤ እኔም የማላውቀው ብዙ ነበር። ከእኩዮቹ አንድ ዓመት ዘግይቶ ጨረሰ። ታላቅ ሰው ሆነ አልልም፤ የመንገድ ቀያሽ ሆኖ በእንጀራው ያድራል፤ ለአባቱም ይልካል።

ዛሬም ቡድናችን አዲስ አሠልጣኝ በሾመ ቍጥር ስልክ ይደውልልኝና፥ «ጋሼ፥ ለዚህኛውስ ስንት ወር ሰጡት?» ይለኛል። እኔም እየሣቅሁ፥ «እስቲ መጀመሪያ ሥራውን እንይለት» እለዋለሁ።