መልክና ስም በዝቋላ

አንባቢ ሆይ፤ ከሰቈጣ ወደ ዝቋላ፥ ወደ ተከዜው ቈላ፥ ከአንድ ፎቶግራፍ አንሺ ጋራ ወርጄ ነበር። ባለሙያው የአንዲት እናትን መልክ ለማንሣት ፈቃድ ቢጠይቅ፥ በአገውኛ «ልጄ፥ መልኬን ስትወስድ ስሜን ለማን ትተወዋለህ?» ሲሉ መለሱለት።

እኔ የችሎት ጸሓፊ ነኝና፥ ስሙ ያልተመዘገበ ምስክር ቃሉ እንደማይጸና አውቃለሁ። በፈረንጅ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. ብራዚላዊው ሰባስቲያዎ ሳልጋዶ፥ የዋግ ሰው ጭምር በተሰደደበት በኮረም ሰፈር፥ የራብተኞችን መልክ አንሥቶ ለዓለም አሳየ። መከራው ታወቀ፤ በብዙዎቹ ሥዕሎች ሥር ግን የባለመልኩ ስም የለም።

የእኛ ባለሙያ ስማቸውን ከነአባታቸው ጠይቆ ጻፈ። እናትም ነጠላቸውን አስተካክለው፥ ቀና ብለው ተቀመጡ። እንግዲህ መልክን የሚወስድ ሁሉ አስቀድሞ ስምን ይጠይቅ፤ ሥዕሉንም ለባለቤቱ ያድርስ።