መኪናዬን ለቆ ስሜን ያዘ

ባለፈው ቅዳሜ፣ እዚህ ሱዳን፣ የዶካ ገበያ ጥቅጥቅ ባለበት ሰዓት መካኒኬ ሁለት ሽማግሎች አስከትሎ ሱቄ በር ላይ ከች አለ። ሰላምታው ረዘመ፤ እዚህ አገር ሰላምታ መቼ ያልቃል! ወንበር ወጣ፣ ሻይ ታዘዘ። ሻዩን የከፈልኩት ደግሞ እኔው ነኝ። ከዚያ አንደኛው ጥምጣሙን አስተካክሎ «ልጄ፣ በእናንተ መሐል ያለውን ነገር ሰምተናል» ሲል ጀመረ። ኦቾሎኒ ሻጯ ሀውሳ፣ የሰሊጥ ደላላው፣ ለአረም ከመተማ የመጡ የአገሬ ልጆች ሳይቀሩ ቆመው ያዳምጣሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ወደ ጋላባት ስወርድ የፒክአፔ ሞተር ሞቆ የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጠለ። የተነጋገርነው ጓርኒሲዮን ሊቀይር ብቻ ነበር። ከፈታው በኋላ ግን «ቴስታታው ጠሟል» ብሎ ገዳሪፍ ቶርኖ ቤት ልኮ አስላጨው፤ ሂሳቡም እጥፍ ሆነ። በጠመመ ቴስታታ ላይ አዲስ ጓርኒሲዮን ማሰር ከንቱ መሆኑን ሾፌር ሁሉ ያውቃል፤ ውኃና ዘይቱ ተደባልቆ ተመልሶ መምጣት ነው። ቢሆንስ! ደውሎ ቢጠይቀኝ ምን ነበረበት? ግማሹን ከፈልኩና «የቀረውን ሰሊጥ ሲሸጥ» አልኩት፤ የኔም ደንበኞች ዱቤያቸውን የሚከፍሉት ያኔ ነው። እሺ ብሎ ቁልፉን ሰጠኝ። ፊርማ የለ፣ ወረቀት የለ።

እኛ አገር ጎንደር ቢሆን ሂሳብ ሳይዘጋ መኪና ከጋራዥ ግቢ አይወጣም። አጎቴ ከጋራዡ ጋር በፍሪሲዮን ሂሳብ ተጣልቶ አይሱዙው ክረምቱን ሙሉ ጎማው ተንፍሶ ቆሞ ነበር። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1757 መሠረት የራሱን ግዴታ ያልፈጸመ ወይም ለመፈጸም ያልተዘጋጀ ሰው ሌላውን «ፈጽምልኝ» ማለት አይችልም። ጋራዡም ቢሆን መኪናውን በገዛ ሥልጣኑ ሸጦ ገንዘቡን አያነሳም፤ ፍርድ ቤት መሄድ አለበት። እዚያ ደግሞ ቁጥር 2001 ይጠብቀዋል፤ ግዴታ አለ ባዩ ያስረዳ ይላል። ያለ ፕሮፎርማ በቃል ለታዘዘ ሥራ ምስክር ፍለጋ መዞር ነው እንግዲህ። ከዚያ ቀጠሮ፣ ከቀጠሮ ላይ ቀጠሮ።

ቢሆንም በቀጠሮ የሚካሰስ ሰው ገበያ መሐል አይዋረድም። ሽምግልናስ እኛም ጋ መች ጠፋ? ግን ሽማግሌ የሚቀመጠው ሁለቱም ወገን ተስማምቶበት፣ ሰው ቤት ገብቶ፣ ከተቻለም በር ዘግቶ ነው። አጃዊድ የሚሏቸው የሱዳኖቹ ሽማግሎች ግን ሳልጠራቸው መጡ። ሰውዬው መኪናዬን ለቆ ስሜን ያዘብኝ፤ ይኼ ነው ያናደደኝ።

ለፍትሕ ያህል የእሱንም ልናገር። ጦርነቱ ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ከፈነዳ ወዲህ የሱዳን ፓውንድ ቁልቁል ነው። ጓርኒሲዮኑን በገዛበት ዋጋ ዛሬ ሌላ አይገዛም፤ ሰሊጥ እስኪሸጥ ቢጠብቅ ከገንዘቡ የሚቀረው ቁጥሩ ነው። በአውሮፓውያኑ 2024 መጨረሻ የ500 እና የ1000 ፓውንድ ኖቶች ሲቀየሩ ደግሞ ጥሬ ገንዘብ ከእጅ ጠፋ፤ ሰው ሁሉ በስልክ፣ በባንካክ መተግበሪያ ነው የሚከፋፈለው። እኔ በስሜ ሂሳብ የለኝም፤ ወዳጄን ካላስቸገርኩ መክፈልም አልችልም።

ሌላም አለ። ሰውዬው ፖሊስ ጣቢያ ቢሄድ ኖሮ ወሬው ከቴስታታ ወደ መኖሪያ ወረቀቴ መዞሩ አይቀርም ነበር። እዚህ ያለ ሐበሻ ይኼን አያጣውም። ሽማግሎቹ ስለ ወረቀት አንድ ቃል አላነሱም። ሳያስፈቅድ ያስላጨበትን ገንዘብ ለሁለት ከፈሉት፤ ግማሹን እሱ ይቻለው፣ ግማሹን እኔ፣ የጓርኒሲዮኑን ቀሪ እዚያው ልክፈል። አጎቴ በክረምት ሙሉ ያላገኘውን ፍርድ እኔ ሁለተኛው ብርጭቆ ሻይ ሳያልቅ አገኘሁ። እሱን ያን ያህል ሰው አላየውም፣ እኔን ግን ዶካ ሁሉ አየኝ።

አሁንም ከሁለቱ ምረጥ ብባል የጎንደሩን እመርጣለሁ፤ ቢያንስ ቁልፉ ይያዛል እንጂ ፊቴ አይያዝም። ግን ይኼን የምለው መኪናዬ በር ላይ ቆሞልኝ፣ ዛሬም ዕቃ አመላልሼበት ነው። ራዲያተሩ ደግሞ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ከነገሩ ልራቅ ብዬ ገዳሪፍ ወስጄ ላሠራው አስቤ ነበር፤ እዚያ ግን በቃሌ አምኖ ቁልፍ የሚሰጠኝ የለም።