ጳጉሜን 6

በድረ ገጽ ላይ ተሰክቶ የፈረንጁን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር የሚመልስ አንድ አሮጌ ፕለጊን በአደራ ተቀብያለሁ። የጻፈው ሰው ትቶት ከሄደ ቆይቷል፤ ኮዱ ግን በጥቂት የዕድርና የቤተ ክርስቲያን ድረ ገጾች ላይ ዛሬም ይተነፍሳል።

ማደሱ ብዙ አያስጨንቅም። እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣው ፒኤችፒ 8 የሻራቸውን ትእዛዞች እየነቀሉ በአዲስ መተካት ነው፤ የት እንዳሉ ማሽኑ ራሱ መስመር ቆጥሮ ይናገራል። ማሽን የማይናገረውን ሰዎች ይጽፋሉ። አንዱ «አይሠራም» ብሎ ብቻ ይልካል (ምኑ? የት?)፤ ሌላው ስለ ግዕዝ ቁጥሩ ቅርጽ ይቆጣል።

ከዋሽንግተን የመጣው ግን እንቅልፍ ነሣኝ። «ልጄ የተወለደችው ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው። አያቷ ጳጉሜን 6 ነው ይላሉ፤ የእናንተ ገጽ መስከረም 1 ይላል። ማንን ልመን?»

አያቷን ይመኑ ብዬ መለስሁላቸው። 2015 ዘመነ ሉቃስ ነበር፤ በሉቃስ ጳጉሜን ስድስት ቀን ትሆናለች፤ አዲሱም ዓመት የገባው ሴፕቴምበር 12 ነው። አሮጌው ኮድ እንቁጣጣሽን ሁልጊዜ 11 ላይ ቸንክሮ ስለኖረ ያችን አንዲት ቀን ውጧታል፤ የልጅቱንም ልደት ከነዓመቱ ለውጦታል። የመስከረምንም ቀናት አንድ አንድ ቀን አስቀድሟል።

እርማቱን ባወጣሁ ማግስት ከአንድ ዕድር ጸሓፊ ሌላ ደብዳቤ ደረሰኝ። በመስከረም 2016 ያረፉ አባላቸውን ቀን ከገጹ ቀድተው በመቃብሩ ድንጋይ ላይ አስቀርጸዋል። «ትናንት ገጹ ሌላ ቀን አሳየን፤ እባክዎ ወደ ነበረበት ይመልሱልን» ይላሉ።

ለእርሳቸው የምልከውን መልስ ሦስት ጊዜ ጽፌ ሦስት ጊዜ ሰርዣለሁ።