የጋራ ሕንፃ ጉድለትና የጎረቤት ዕርዳታ

ቤት የሠራ ሰው የዕድሜውን ድካም በግድግዳው ውስጥ ያኖራል። በሐርጌሳ ከተማ ይህ አነጋገር ይበልጥ እውነት ነው። ከተማይቱ በ1980 ዓ.ም. በአየርና በመድፍ ተደብድባ አብዛኛው ክፍልዋ ፈርሶ ነበርና፤ ከዚያ ወዲህ የቆመው ብዙው ሕንፃ በነዋሪው ጥረትና በባሕር ማዶ ያሉ ልጆች ለወላጆቻቸው በላኩት ገንዘብ የተሠራ ነው። ስለዚህ በዚህ ስፍራ ግድግዳ ሲሰነጠቅ አብሮ የሚሰነጠቀው የብዙ ዓመት የስደት ድካም ነው።

እኛ ለሥራ መጥተን በአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ተከራይተን እንኖራለን። ከላይኛው ፎቅ የሚኖሩት ሽማግሌ፣ በአገሩ ልማድ «አዴር» ብለን የምንጠራቸው፣ ቤታቸውን የገዙት ልጆቻቸው በላኩላቸው ገንዘብ ነው። «ጉ» የተባለው የበልግ ዝናም በጣለ ጊዜ ውኃው ከጣራው ወደ መኝታ ክፍላቸው ገባ። ጎረቤቶቹም፣ «ከላይ መኖር ዕዳ አለበት» ብለው ዝም አሉ። ዳሩ ግን ውኃው ቁልቁል እየወረደ በደረጃው አጠገብ ያለውን ምሰሶ አረጠበው፤ ፌሮው ዝጎ አብጦ አርማታውን ሰነጠቀው። ምሰሶው ደግሞ የአዴር ብቻ ሳይሆን የአራቱም ፎቅ ተሸካሚ ነው።

የዚህ ዓይነቱ ጉድለት ምክንያት ብዙ ጊዜ ቀላል ነው። አርማታ ከተሞላ በኋላ ቢያንስ ለ7 ቀን ውኃ እየጠጣ መሰንበት ይገባዋል። ውኃ በቦቴ በሚገዛበት ደረቅ አገር ግን ገንቢው ለአርማታው የሚገባውን ውኃ ይቆጥብበታል፤ ፀሐይና ነፋስም ሳይጠነክር ያደርቁታል። ጣራው ዝናም እስኪመጣ ድረስ ጉድለቱን ሸሽጎ ይቆያል፤ ቤቱ ግን ቀደም ብሎ ተሸጦ ገንዘቡ ተከፍሏል።

ስንጥቅ ሁሉ አንድ አይደለም። በልስን ላይ ብቻ የሚታይ ቀጭን መስመር አብዛኛውን ጊዜ አያሰጋም። ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚሄድ ስንጥቅ ግን መሠረቱ መስጠሙን ሊያመለክት ይችላል። በምሰሶ ወይም በተሸካሚ አግዳሚ ላይ የዝገት ቀለም ከታየ ያለ መሐንዲስ ምርመራ ቀለም መቀባት አደጋውን መሸፈን ነው። የአዴርን ሕንፃ የሠራው ሰው በመጀመሪያ የሰጠው መልስ ግን «ቀለም ይቀባ» የሚል ነበር።

እንግዲህ ለተጎዳው ሰው የሚሰጠው ዕርዳታ «አይዞህ» በማለት ብቻ አይፈጸምም። የስንጥቁን ሁለት ጫፍ በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ ያስፈልጋል። ስንጥቁን አቋርጦ ጥቂት ጄሶ ቢለጠፍ፣ ጄሶው በተሰበረ ጊዜ ስንጥቁ ገና እየተንቀሳቀሰ መሆኑ ይታወቃል። ፎቶግራፍ፣ ውሉና የክፍያው ደረሰኝ በአንድ ላይ ይቀመጡ። እኛም ለአዴር በአንድ ደብተር ይህን ጻፍንላቸው፤ ጎረቤቶቹም ምሰሶውን ካዩ በኋላ ፈረሙበት። «ለአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» እንደ ተባለው፣ ብቻቸውን በተናገሩ ጊዜ ያልተሰሙት ሽማግሌ ከአሥራ አንድ ጎረቤት ጋር ሲቀርቡ ተሰሙ።

በአገራችን ይህ ነገር በሕግ ተጽፏል። የ1952 ዓ.ም. የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 3039፣ ሥራ ተቋራጩ ሥራውን ካስረከበበት ጊዜ ጀምሮ ለ10 ዓመት ስለ ሥራው ጥንካሬ ዋስ እንዲሆን ያዛል፤ ጉድለቱ ከመሬቱ ጠባይ የመጣ ቢሆንም እንኳ ይጠየቃል። የጋራ ሕንፃ አዋጅ ቁጥር 370/1995 ደግሞ የጋራ የሆነው የሕንፃ ክፍል የባለቤቶቹ ሁሉ መሆኑን ደንግጎ በማኅበር እንዲያስተዳድሩት ያደርጋል። ይህ ሕግ በሐርጌሳ አይሠራም፤ በዚህ ብዙ ክርክር «ሔር» በተባለው ባህላዊ ሕግ በሽማግሌዎች ፊት ይታያል። ሽማግሌዎቹም እንደ ዳኛ ሁሉ ምስክር ይጠይቃሉ። የአዴር ደብተር በቀረበ ጊዜ ገንቢው ጣራውን በራሱ ወጪ ለማደስ ተስማማ፤ ሥራውም ተፈጸመ። የምሰሶው ነገር ግን ገና አልተቆረጠም፤ የለጠፍነው ሁለተኛው ጄሶ እስከ ዛሬ አልተሰበረም፤ በየሳምንቱ እናየዋለን።

በሹመት ላይ ላላችሁ አንባብያን የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ስለ ቤቱ ስንጥቅ ማመልከቻ ይዞ የሚመጣ ሰው «ነገ ተመለስ» ሲባል ስንጥቁ ግን አብሮት አይቆምም፤ የሕጉም ዘመን ይሮጣል። ማመልከቻውን በቀኑ መዝግቦ መቀበልና ሄዶ ማየት የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ የሚያድነው ግን በዚያ ጣራ ሥር የሚተኛውን ሁሉ ነው።