ስለ ቀድሞ ዘመን የሴት ልጅ ስም

ከሦስት ወንዶች ልጆች በኋላ በቤታችን ሴት ልጅ ተወለደችልን። ደስታው ገና ሳይበርድ የስም ክርክር ተነሣ። አክስታችን «የእናትህ ስም ይመለስ፤ ምንትዋብ በላት» አሉን። ባለቤታችን ግን «ስሙስ መልካም ነው፤ ነገር ግን አርጅቷል፤ በትምህርት ቤት ጓደኞቿ አሮጊት እያሉ ቢስቁባት ምን ይሏታል?» ሲሉ ተከራከሩ። እኛም በየቀኑ የሰውን ሙግት በመዝገብ የምንጽፍ ስንሆን የገዛ ቤታችንን ሙግት ለመቁረጥ አቃተን።

ምንትዋብ ማለት ምን ያህል ውብ ናት ማለት ነው። ይህን ስም ያስከበሩት የቋራዋ እቴጌ ናቸው፤ ባላቸው ዐፄ በካፋ ከሞቱ በኋላ በ1723 ዓ.ም. ከልጃቸው ከኢያሱ ጋራ ነግሠው፥ በጎንደር አጠገብ ቁስቋምን አሠሩ። ነገር ግን የክርስትና ስማቸው ወለተ ጊዮርጊስ፥ የመንግሥት ስማቸውም ብርሃን ሞገሳ ነበረ። እቴጌ ጣይቱም ወለተ ሚካኤል፥ ንግሥት ዘውዲቱም አስካለ ማርያም ይባሉ ነበር። አስካል በግእዝ የወይን ዘለላ ነውና፥ ከዘውድ አጠገብ ሊቀመጥ ከዚህ የተሻለ ስም አላየንም።

በፈረንጅ አገር በልጅና በቤተ ሰብ ስም መካከል ሌላ ስም መርጦ ማግባት ልማድ ነው። በእኛ አገር ግን የሚከተለው የአባት ስም ስለ ሆነ ምርጫ የለውም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን መምህራችን ይህን ባለማወቅ ዘወትር በአባታችን ስም ይጠሩን ነበር፤ እንዲህም ሆኖ ፊደል ያልቆጠሩት አባታችን በየማለዳው ስለ ሒሳብ ይጠየቁ ነበር። ስለዚህ አስቦ መምረጥ የሚቻለው የቤት ስምንና የክርስትና ስምን ብቻ ነው።

እናታችን ባረፉ ጊዜ ካህናቱ ለፍትሐት «የክርስትና ስማቸው ማን ነው?» ብለው ጠየቁን። ዝም አልን። የስንቱን ሰው ስም ከነአባቱ ከነአያቱ የጻፍን ሰዎች የእናታችንን የክርስትና ስም አላወቅንም። የንስሐ አባታቸው ቀድመው ዐርፈዋል፤ አክስታችንም ታመው ከቤት ቀርተዋል። ሰው ተልኮ «ወለተ ሥላሴ» የሚለውን ቃል ይዞ እስኪመለስ ድረስ ካህናቱ ጥላቸውን እንደ ዘረጉ ቆመው ጠበቁን፤ እኛም ቀና ብለን ሰው ለማየት አፈርን።

ባለቤታችን በዚያ ቀን ከለቀስተኛው መካከል ነበሩ። ከብዙ ክርክር በኋላ አንድ ማታ ሕፃኒቱን እያጠቡ «ምንትዋብ ትባል፤ ግን የእርሷን የክርስትና ስም እንደዚያ ያጡት እንደ ሆነ አልምርዎትም» አሉን። በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ፥ ዕለቱ የሥላሴ ስለ ነበረ፥ ቄሱ ወለተ ሥላሴን ያለ ክርክር ፈቀዱልን።

ማታውኑ ከዳዊታችን መጀመሪያ ባለው ባዶ ገጽ ላይ ሁለቱን ስሞቿን ከነቀኑ ጻፍን። ከዚያም የወንዶቹን ልጆቻችንን ልናስከትል ብንጀምር የሁለተኛው ጠፋብን፤ ብርዓችንን አስቀምጠን ባለቤታችንን ለመጠየቅ ወደ ጓዳ ገባን።